ግማሽ ቁጥር

ፖኩዋ ከሌንስ መሞረጃው ክፍል በር ፊት ቆማ ለማንኳኳት ሦስት ጊዜ እጇን አነሳች፤ ሦስት ጊዜም መለሰችው። ክፍሉ በኩማሲ ከተማ፣ አሳፎ ሰፈር፣ እሷ ከምትሠራበት የዓይን ክሊኒክ ጀርባ ነው። ውስጥ ያለው ኦዱሮ ነው። ከአርባ ቀን በፊት በሌንስ ፖስታ ላይ «አጎቴን ይዤ ለጋብቻ ጥያቄ የእናትሽን በር ላንኳኳ?» ብሎ ጽፎ የላከላት፣ እሷም እስከ ዛሬ እሺም እንቢም ያላለችው ኦዱሮ። ከዚያ ወዲህ ኮሪደር ላይ ሲያገኛት ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ «ደህና ዋሉ፣ ዶክተር» ብሏት ያልፋል። ድሮ አንቺ ነበር የሚላት።

አንቱታው ከፋት። ይበልጥ የከፋት ግን «ዶክተር» የምትለዋ ቃል ነበረች፤ ምክንያቱም ፖኩዋ ገና ዶክተር አይደለችም።

ዩኒቨርሲቲ ስድስት ዓመት ተምራለች። አንድ ዓመት በዚሁ ክሊኒክ በዶክተር አምፖንሳ ሥር ሆና ሠርታለች። የቀራት የፈቃድ ፈተናው ነበር፤ ያንን ያለፈ ሰው አክራ ሄዶ ይምላል፣ ከማለ በኋላ የመነጽር ትእዛዝ በራሱ ስም ይፈርማል። ፖኩዋ የጽሑፉን ፈተና አለፈች፤ በተግባሩ ወደቀች። በሁለተኛው ዙርም ጽሑፉን አለፈች፤ በተግባሩ ወደቀች። በዚያው ቀን እናቷ ማሜ አጌይዋ «አለፍሽ አይደል፣ ዶክተሬ?» ብላ ስትጠይቃት አፏ «አዎ» አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ማሜ አጌይዋ ለጎረቤት ነገረች፣ ጎረቤት ለቤተ ክርስቲያን ነገረ፣ ቤተ ክርስቲያኑ እልል አለ። አክስቶቿ ለመሐላው ቀን አንድ ዓይነት ጨርቅ ገዙ። ቅዳሜ አክራ የሚያደርሳቸው ሚኒባስ ሳይቀር ተይዟል።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ፖኩዋ አንድ ቀዳዳ ብቻ ቀርቷታል። በዚያ ዓመት ደንብ፣ በተግባር የወደቀ ሰው በልምምዱ ጊዜ ያያቸውን ሃያ ታካሚዎች ማስረጃ ካቀረበ ጉዳዩ እንደገና ይታይለታል። ያዘዘው ቁጥርና የተሠራው ሌንስ ቁጥር አንድ ከሆነ፣ ታካሚውም መነጽሩን ካልመለሰ፣ ያልፋል። ማስረጃው እስከ ነገ እኩለ ቀን መድረስ አለበት። የተሠራው ሌንስ ቁጥር ያለው ደግሞ በኦዱሮ መዝገብ ውስጥ ነው።

በአራተኛው አንኳኳች።

«ይግቡ፣ ዶክተር» አለ፤ እጁ እስከ ክርኑ ነጭ ጭቃ ነበር። የሞረዳው ውሃ በልብሱ ላይ ፈንጥቋል።

«እባክህ እንደዚያ አትበለኝ።»

«ታዲያ ምን ልበልዎት? ቅዳሜ ይምላሉ አሉ። ገበያው ሁሉ ሲያወራ ሰማሁ። ከእርስዎ አፍ ባልሰማም እንኳን ደስ ያለዎት።»

«መዝገብህን ፈልጌ ነው የመጣሁት። የዓመቱን።»

ኦዱሮ ማሽኑን አጠፋ። ፊቱ ላይ የነበረችው ኩርፊያ በአንዴ ጠፍታ ሌላ ነገር ተተካ። ፖኩዋ ያን ጊዜ አልገባትም እንጂ ፍርሃት ነበር።

«መዝገቡ የለም።»

«ከኋላህ ነው ያለው፣ ኦዱሮ። ይታየኛል።»

«አልሰጥሽም።»

አርባ ቀን ሙሉ አንቱ ሲላት የከረመ ሰው፣ በድንጋጤ ወደ አንቺ ተመለሰ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ልቧ በደስታ በቀለጠ።

«አሃ! ቂም ነው እንግዲህ» አለችው። «መልስ አልሰጠሽኝም ብለህ ልትበቀለኝ ነው? ይሄን ያህል ነህ እንዴ?»

«መልስሽንማ ሰጥተሻል። ዝምታ መልስ አይደለም? ዶክተር ለሌንስ ሞራጅ ምን ብላ ትመልስ! እኔ ነኝ ልኬን ያላወቅሁ፤ የሰው ሌንስ ስለካ የምውል ሰው።»

«ወድቄ ነው!»

ድምጿ ከጠበቀችው በላይ ጮኸ። በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችና ቀስ ብላ ደገመችው። «ወድቄ ነው ዝም ያልኩህ። ሁለት ጊዜ። ለእናቴ ዋሽቻለሁ። ዶክተር ነች ብላችሁ የእናቴን በር አንኳኩታችሁ፣ በየትኛው ፊቴ ልቆም ነው?»

ኦዱሮ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። እጁን እንኳ አልታጠበም። «ሁለተኛውንም?»

«ሁለተኛውንም።»

«በምን?»

«በብርሃኑ። የታካሚው ዓይን ውስጥ ብርሃን ጥዬ ቁጥሩን በማገኝበት። ፈታኙ ምን ብሎ እንደጻፈ ታውቃለህ? ‹በሁሉም ታካሚ ላይ ግማሽ ቁጥር አብልጣለች።› በሁሉም! ውሸት ነው። እዚህ ዓመት ሙሉ ሠርቻለሁ። አንድ ሰው መነጽሬን መልሷል? ንገረኛ! አንድ ሰው ‹አላየሁበትም› ብሏል?»

ኦዱሮ ተነሣ፤ ከመደርደሪያው ላይ መዝገቡን አወረደ፤ የታዘዘባቸውን ወረቀቶች ከተሰኩበት ሽቦ ጋር አምጥቶ እጇ ላይ አኖረው። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ፖኩዋ ገለጠች። አዛውንት፣ ሰባ አንድ ዓመት፤ የታዘዘ ሁለት ተኩል፣ የተሞረደ ሁለት። ሴት ልጅ፣ አምስት ዓመት፤ የታዘዘ ሦስት፣ የተሞረደ ሁለት ተኩል። የቤተ ክርስቲያን ዘበኛ፤ የታዘዘ አንድ ተኩል፣ የተሞረደ አንድ። ገጹን ገለበጠች። ሌላ ገጽ ገለበጠች። መጀመሪያ የእጅ ጽሑፉን በትክክል ያላነበበች መስሏት ወደ መስኮቱ አዞረችው። በሁሉም ላይ ግማሽ ተቀንሷል። ዓመት ሙሉ የሷ ነው ብላ የተኩራራችበት ሥራ የሷ አልነበረም።

ያኔ የተሰማት ንዴት አልነበረም፤ ንዴቱ በኋላ ነው የመጣው። መጀመሪያ የተሰማት ሰው ሁሉ እያወቀ እሷ ብቻ ሳታውቅ ራቁቷን ገበያ ውስጥ ስትንጎራደድ የኖረች ያህል ነበር።

«መቼ ነው የጀመርከው?» አለች።

«በመጀመሪያው ወር። አንድ አባት መነጽሩን ይዘው በጀርባ በር መጡ። ‹ከመንገዱ ማዶ ያለው ዛፍ ጭጋግ ሆነብኝ› አሉኝ። ‹ለዶክተሯ ለምን አይነግሯትም?› ስላቸው ተቆጡኝ። ‹ያቺ ጨዋ ልጅ ጎንበስ ብላ እያየችኝ ጥሩ ነው ወይ አባቴ ስትለኝ፣ ጥሩ አይደለም እላታለሁ? ሐኪም ላይ እንዲህ ይባላል?› አሉኝ። እዚህ ሌንስ መሞከሪያ አለኝ፤ ግማሽ ቀንሼ ሳደርግላቸው ዛፉን ቅጠል በቅጠል አዩት። በሳምንቱ ሌላ ሰው መጣ። ከዚያ ሌላ። ለአንቺ ሁሉም ‹ጥሩ ነው ዶክተር› ይሉሻል፤ እውነቱን የሚናገሩት ለእኔ ነው። እኔ የነሱ ሰው ነኛ። ከዚያ በኋላ ሰው እስኪመጣ አልጠበቅሁም። ያንቺ ወረቀት ሲደርሰኝ ግማሽ እቀንሳለሁ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ዶክተር አምፖንሳ ሰው ፊት እንዴት እንደሚሳደብ ታውቂያለሽ። እንዲሰድብሽ አልፈለግሁም።»

«ሸፈንከኝ እንግዲህ። እየሸፈንክ ፈተና ሰደድከኝ። እዚያ ግማሽ የሚቀንስልኝ ኦዱሮ የለም! ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት፤ ዶሮዋ እኔ ነኝ።» እንባዋ መጣ። «ፍቅር ነው ብለህ ነው አይደል ያደረግከው?»

«ነው ብዬ ነበር።»

ከክሊኒኩ በኩል ወንበር ሲጎተት ይሰማል።

ኦዱሮ ከመሳቢያው ባዶ ወረቀቶችና እስክሪብቶ አወጣ። ዓይኗን ሳያይ ተናገረ። «ገና ሐሙስ ነው። ያዘዝሽባቸውን ወረቀቶች በአዲስ ጻፊያቸው። የሞረድኩትን ቁጥር እንዳዘዝሽው አድርጊው። ዶክተር አምፖንሳ እንደሁ የሚፈርመውን አያነብም። ነገ ታስገቢያለሽ፤ ቅዳሜ ትምያለሽ። ከእኔ አፍ አይወጣም።»

አንባቢዬ ሆይ፣ ፖኩዋ እስክሪብቶውን አነሳች ብዬ ስነግርሽ እኔም አፍራለሁ። ግን አነሳች። ሚኒባሱን አሰበች፣ ጨርቁን አሰበች፣ እናቷን አሰበች። አንደኛውን ጻፈች። ሁለተኛውን ጻፈች። ሦስተኛውን ስትጽፍ እጇ ፈጠነ። አሮጌዎቹን ወረቀቶች እየቀደደች ቅርጫት ውስጥ ጣለች። አራተኛውን ስታነሳ ወረቀቱ ከእጇ አምልጦ ተገልብጦ ወደቀ።

ጀርባው ላይ በራሷ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «ዛሬ ሰማያዊው ሸሚዝ አምሮብሃል። ለማንም አትንገር፤ ለራስህም ቢሆን።»

ዓመት ሙሉ እንዲህ ነበር የሚጻጻፉት። እሷ በትእዛዙ ወረቀት ጀርባ፣ እሱ በሌንሱ ፖስታ ላይ። ፖኩዋ ጎንበስ ብላ ከቅርጫቱ ውስጥ የቀደደቻቸውን ሦስቱን አወጣች። አንዱ ላይ «ጉንፋን ይዞሃል፣ ዝንጅብል ጠጣ» ይላል፤ ለሁለት ተቀዷል። ቁጥሩ የተሳሳተ ቢሆንም ይሄ ጽሑፍ እውነት ነበር። በሕይወቷ ካለ ሐፍረት የጻፈችው ነገር ይኸው ብቻ ነው፤ እሱንም በገዛ እጇ ቀደደችው። አዲሶቹን ወረቀቶች አጨማደደቻቸው።

«አልጽፍም» አለች። «ከየት እንደምሳሳት ነው ማወቅ የምፈልገው። አስቀምጬህ ልይህ።»

ከክሊኒኩ የብርሃን መሣሪያዋን ይዛ ተመለሰች። ኦዱሮ እጁን ታጥቦ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። በአንድ እጁ የልብስ ሰፊ ሜትር ይዟል። ከታካሚው ዓይን በስልሳ ሰባት ሳንቲ ርቀት ላይ ሆኖ የሚያይ ሰው፣ ካገኘው ቁጥር ላይ አንድ ተኩል ይቀንሳል። ይሄን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪም ያውቀዋል፤ ፖኩዋም አንድ ተኩል መቀነስ ረስታ አታውቅም።

«እንደ ሁልጊዜሽ አድርጊ» አላት። «እኔን ሳይሆን የሰባ ዓመት ሽማግሌ የምታዪ ይመስል።»

ጎንበስ አለች። ብርሃኑን ዓይኑ ውስጥ ጣለች። የዓይኑ ብሌን በቀይ ብርሃን ተሞላ። ትንፋሹ አገጯ ላይ ደረሰ። ኦዱሮ ሜትሩን ከግንባሩ እስከ ግንባሯ ዘረጋው።

«ሃምሳ» አለ።

«ደግመህ ለካ።»

«ሃምሳ ነው፣ ፖኩዋዬ። ትቀርቢያለሽ።»

ያን ጊዜ ገባት። አዛውንቶቹ ጆሯቸው ይከብዳል፤ በሽማግሌ ላይ ደግሞ አይጮኽም። ስለዚህ እንደ ጨዋ ልጅ እየተጠጋች፣ እያጎነበሰች፣ በጆሯቸው እያወራች ዓመቱን ፈጀችው። ሕፃናቱንም እንዳይፈሩ ቀረበቻቸው። ለቀረበ ሰው የሚቀነሰው ሁለት ነው፤ እሷ የምትቀንሰው የሩቁን አንድ ተኩል ነው። ግማሽ ቁጥሯ የቀረችው እዚህች መሐል ነው። ሳቅና ልቅሶ እኩል መጣባት። የእናቷ አስተዳደግ ነው የጣላት!

ፊቷን ለማራቅ ስትሞክር ኦዱሮ እጅጌዋን ያዘ።

«እንዲሁ ሆነሽ ስሚኝ። ፊትሽ ከራቀኝ አልናገረውም። ለምን ዝም እንዳልኩ አልነገርኩሽም። ስድቡ ሰበብ ነው። እውነቱ... ልክ ካልሆንሽ ትፈልጊኛለሽ፣ አስፈልግሻለሁ ብዬ ነው። ያንቺን ስህተት ስሞርድ እኔም ዶክተር የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። መጀመሪያ ስትወድቂ ያበጠ ዓይን ይዘሽ ስትመጪ አየሁሽ። አዘንኩ። ግን ከማዘኔ በፊት... ለአንዲት ቅጽበት ደስ አለኝ። ‹አሁን ከእኔ አትርቅም› አልኩ። ይኸው። ይሄን የሚያስብ ሰው የማንንም በር ማንኳኳት የለበትም።»

ብርሃኑ አሁንም ዓይኑ ውስጥ ነበር። እንባው ሲሞላና ብርሃኑን ሲያፈርስባት አየች። መጥላት ሞከረች። ብትጠላው ደስ ባላት ነበር፤ ምክንያቱም የሷ ጥፋት ገና አልተነገረም።

«እናቴ ስለ አንተ ጠይቃኛለች» አለች። «‹ምን ይሠራል?› አለችኝ። የክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ ነው አልኳት።»

ኦዱሮ እጅጌዋን ለቀቀ። ቀስ ብሎ፣ ሁለቱን እጆቹን አየ። ሞረዳው ጥፍሮቹን በልቷቸዋል።

«ሥራ አስኪያጅ» አለ።

«አዎ።»

«ፈቃድ ቢኖርሽ ኖሮ እውነቱን ትነግሪያት ነበር?»

«አላውቅም። አላውቅም፣ ኦዱሮ።»

ለዶክተር አምፖንሳ የየራሳቸውን ጥፋት የየራሳቸው አፍ እንዲናገር ተስማሙ፤ እሷ የርቀቱን፣ እሱ የቀነሰውን። ሥራውን እንደሚያጣ ሁለቱም ያውቃሉ። እሷም ሌላ ስድስት ወር በሰው ሥር ሠርታ እንደገና ልትፈተን ነው። ስለ በር ማንኳኳቱ ማንም ምንም አላለም። ስትወጣ ከበሩ ዞር ብላ አየችው፤ እሱ ግን ቀና አላለም።

ማሜ አጌይዋ ከግቢው መሐል፣ ከትልቁ ብረት ድስት አጠገብ ተቀምጣ ኬንኬ ትጠቀልላለች፤ የበቆሎውን ሊጥ እየጨለፈች በቅጠል ታስራለች። ሃያ ስድስት ዓመት ይሄንኑ ስትሠራ ኖራለች። ጣቶቿ ከእንፋሎቱ ብዛት ቆዳቸው ተልጦ ለስልሷል። ከጀርባዋ ገመድ ላይ ለቅዳሜ የተሰፋው ቀሚስ ተሰቅሏል።

«መጣሽ ዶክተሬ! ነይ ለኪው፤ ሰፊዋ ወገብሽን አጠበበችው።»

«እማዬ፣ አላለፍኩም።»

ማሜ አጌይዋ የያዘችውን ኬንኬ አስራ ጨረሰች። ድስቱ ውስጥ ጨመረችው። «ምን አልሽ?»

«ወድቄያለሁ። ሁለት ጊዜ። ዋሽቼሽ ነው።»

ሴትየዋ ለረጅም ጊዜ ቅጠል ስትመርጥ ቆየች። ስትናገር ድምጿ ደህና ነበር። «ፈተና ይወደቃል። አክስቶችሽ ያወሩ፣ ለወር ያወራሉ፣ ከዚያ ሌላ ሰው ያገኛሉ። ጨርቁም አይበሰብስም። እኔን ያሳመመኝ አንቺ እያወቅሽ ብቻዬን እልል ማለቴ ነው።» ቀጥላም፣ «ያ ልጅስ? ያ ሥራ አስኪያጁ? ያውቃል?» አለች።

ፖኩዋ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ወደደች። ግን ተናገረች።

«ሥራ አስኪያጅ አይደለም። ሌንስ ይሞርዳል። ከክሊኒኩ ጀርባ ካለችው ክፍል።»

የማሜ አጌይዋ እጅ ሊጡ ውስጥ እንደገባ ቀረ።

«የእጅ ሥራ ነው?»

«አዎ።»

«ጨዋ ልጅ ነው?»

«ጨዋ ነው። ጥፋት አለበት፤ ግን ጨዋ ነው። ራሱ ነገረኝ።»

«ታዲያ ሥራውን ምን ብለሽ ነው የደበቅሽብኝ? እጁ ስለሚቆሽሽ?» ማሜ አጌይዋ እጇን ከሊጡ አወጣችና ፊቷ ላይ ይዛ አየችው፤ የሌላ ሰው እጅ የምታይ ይመስል። «ስድስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ነበርሽ። ጓደኞችሽ ‹እናትሽ ምን ትሠራለች?› ይሉሽ የለም? ምን እያልሽ ነበር የምትነግሪያቸው?»

ፖኩዋ አፏን ከፈተች። «ጨርቅ አስመጪ ናት» ነበር የምትለው። ስድስት ዓመት ሙሉ፣ አንድም ቀን ሳታደናቅፍ። አሁን ቃሉ አልወጣ አለ። ማሜ አጌይዋ ግን ዝምታውን ሰማችው፤ ፊቷ ቀስ እያለ ወደቀ።

ለፈተናው ያልወረደ እንባ በእናትየዋ ጉንጭ ላይ ወረደ። በክንዷ ጠረገችው።

«ልጁን ንገሪው» አለች። «አጎቱን ይዞ ይምጣ፣ ያንኳኳ። ሌላ ልብስ አልለብስም። እዚሁ ድስቴ ዳር ተቀምጬ፣ በዚሁ እጄ ነው የምጨብጠው። አንቺም አጠገቤ ቆመሽ ‹ይህች እናቴ ናት፣ ኬንኬ ሻጭ ናት› ብለሽ ታስተዋውቂኛለሽ። ጮክ ብለሽ። መጀመሪያ ይሄን ፈተና እለፊ።»

ፖኩዋ ከእናቷ እግር ሥር ጭቃው ላይ ተንበረከከች። ሊጥ የነካውን እጅ ይዛ ፊቷን ቀበረችበት፤ ማሜ አጌይዋም እጇን አልነጠቀቻትም።